ምሥጢረ ሥላሴን ያፋለሱ መናፍቃን ቅዱሳት መጻሕፍትን ያነበቡበት መንገድ ሲመረመር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔር በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በፈቃድና በሥልጣን አንድ፣ በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት እንደ ሆነ ታስተምራለች። አብ ወላዲ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራጺ ነው። ይህን ትምህርት ያፋለሱ ሰዎች ከጥንት እስከ ዛሬ ብዙ ናቸው፤ የዋና ዋኖቹም ስም በሃይማኖተ አበውና በሌሎች መጻሕፍት ተጽፎ፣ በጉባኤ ሲወገዝ ይሰማል። ዳሩ ግን ከውግዘቱ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር የሚቀር ነገር አለ። ይኸውም ከነዚህ ሰዎች የሚበልጡት መጽሐፍን ጥለው የሄዱ ሳይሆኑ መጽሐፍን ይዘው የመጡ መሆናቸው ነው። ሰባልዮስም፣ አርዮስም፣ መቅዶንዮስም እያንዳንዳቸው ጥቅስ ነበራቸው። ዛሬም በምእመኑ ደጅ ቆሞ የሚያነጋግር ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ መጽሐፍ ቅዱስን በብብቱ ይዞ፣ ገጹን አጥፎ፣ መስመሩን በቀለም አስምሮ ይመጣል።

እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው የያዙት መጽሐፍ ሳይሆን ያነበቡበት መንገድ ነው። የጥንቶቹና የዛሬዎቹ ንባብ ጎን ለጎን ሲተያይ፣ ስማቸውና አገራቸው ቢለያይም ስሕተታቸው ወደ አንድ ይገናኛል። አንዱን ቃል ያነግሣሉ፤ ወንድሙን ቃል ያስራሉ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ቍጥር 15 በአንድ ምስክር ብቻ ነገር እንዳይጸና ታዟል። በወንበር ተቀምጦ የሚፈርድ መኰንን አንዱን ምስክር ሰምቶ ሁለተኛውን ሳያስቀርብ ቢፈርድ፣ ፍርዱ በይግባኝ ይፈርሳል። መናፍቅ ማለት በአምላክ ነገር ላይ በአንድ ምስክር የፈረደ ሰው ነው።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት በትርጓሜ ቤት የሚናገሩት «አንድም» የሚለው ቃል ለዚህ ሕመም መድኃኒት ሆኖ የተሠራ ይመስላል። መምህሩ ንባቡን ፈትቶ ምሥጢሩን ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን መንገድ ይከፍታል፤ ሌላውንም መጽሐፍ ጠርቶ ያስመሰክራል። ይህ ትምህርትን ለማስረዘም የሚደረግ አይደለም፤ አንዲት ቃል ብቻዋን ተነሥታ እንዳትፈርድ የሚጠብቅ አጥር ነው። ከዚህ በታች የሚመረመሩት ሰዎች ሁሉ «አንድም» ለማለት እንቢ ያሉ ናቸው። የሚጠቀሱትም ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

፩ ስለ ሰባልዮስ

በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሮሜ ያስተማረው ሰባልዮስ፣ ከእርሱም በፊት በሰምርኔስ የነበረው ኖኤጦስ የአምላክን አንድነት እንጠብቃለን ብለው ተነሡ። አሳቡ ከመልካም ቦታ የመነጨ ነበር፤ አሕዛብ በአማልክት ብዛት ጠፍተው ነበርና። ዳሩ ግን አንድነቱን እንጠብቃለን ሲሉ ሦስቱን አካላት አጠፉ። አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ የሚሉት ስሞች አንዱ አካል በልዩ ልዩ ጊዜ የተገለጠባቸው መልኮች ናቸው አሉ። ለዚህም ያቆሙት ምስክር በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቍጥር 30 ጌታ እርሱና አብ አንድ መሆናቸውን የተናገረበትን ስፍራ ነው። ከ217 እስከ 222 በሮሜ መንበር የነበረው ካሊስጦስ ሰባልዮስን ከማኅበር ለየው።

የመለሱላቸው አባቶች ከጥቅሱ አልሸሹም፤ ደግመው አነበቡት እንጂ። አቡሊዲስ የኖኤጦስን ወገኖች ሲመልስ፣ በዚያው ቃል ውስጥ ግሡ በብዙ ቍጥር መነገሩን አሳየ። ጌታ ስለ ራሱና ስለ አብ ሲናገር «ነኝ» አላለም፣ «ነን» አለ እንጂ። የቀርጠግናው ጠርጡልያኖስም «አንድ» የሚለው ቃል በዚህ ስፍራ ለአካል በሚነገርበት አገባብ እንዳልተነገረ አስረዳ፤ የባሕርይን አንድነት ያሳያል እንጂ አብና ወልድ አንድ አካል ናቸው አያሰኝም። የግእዙም ንባብ «ንሕነ» ብሎ የብዙውን ቍጥር ጠብቆታል።

ከዚህም በላይ ሰባልዮስ ያሰራቸው ምስክሮች ብዙ ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ወልድ በዮርዳኖስ ቆሞ ሳለ የአብ ድምፅ ከሰማይ ተሰማ፤ መንፈስ ቅዱስም በርግብ አምሳል ወረደ። ሰባልዮስ እውነት ከተናገረ፣ ያ ድምፅ ወልድ ራሱን ያመሰገነበት ሊሆን ነው። በጌቴሴማኒም የተደረገው ጸሎት ሰሚ የሌለው ጸሎት፣ የፈሰሰውም ላብ ለማስመሰል የፈሰሰ ላብ ሊሆን ነው። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከፋው፣ አብ ልጁን ስለ ዓለም ሰጠ የሚለው የወንጌል ምሥራች ይፈርሳል፤ ልጅ የሌለው ልጁን ሊሰጥ አይችልምና። በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ታቦታት ወደ ወንዝ የሚወርዱበት በዓል ምእመኑ ሳያውቀው ለሰባልዮስ የሚሰጠው መልስ ነው። መምህሩ ይህን በዚያ ቀን ቢነግረው ግን፣ ምእመኑ ሁልጊዜ ሲያከብር የኖረውን በዓል በክርክር ቀን መልስ አድርጎ ያመጣው ነበር።

፪ ስለ እስክንድርያው ዲዮናስዮስ ምሳሌ

ከሰባልዮስ ወደ አርዮስ የሚወስደው መንገድ በአንድ ደግ አባት ደጅ ያልፋል፤ ይህንንም መምህራን ሁሉ ሊያስቡት ይገባል። በ260 ገደማ የሰባልዮስ ትምህርት በሊብያ አምስቱ ከተሞች በርትቶ ሳለ፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ ስሕተቱን ለመግታት ደብዳቤ ጻፈ። ወልድ በአካል ከአብ ልዩ መሆኑን ለማስረዳት ሲቸኵል፣ የገበሬንና የወይንን፣ የመርከብ ሠሪንና የመርከብን ምሳሌ አመጣ። በምሳሌውም አካላቱን ለየ፤ ዳሩ ግን መርከብ ከሠሪው ባሕርይ አይደለምና፣ ምሳሌው ወልድን ፍጡር የሚያሰኝ ሆነ። ከእስክንድርያ ወገን አንዳንዶች የእርሱ ስመ ሞክሼ ወደ ሆነው ወደ ሮሜው ዲዮናስዮስ ሄደው ከሰሱት።

ሊቀ ጳጳሳቱ በመልሱ እነዚያን ምሳሌዎች እንደ ደካሞች አድርጎ በመንገድ ላይ ብቻ እንደ ጠቀሳቸው፣ የሚበልጡ ምሳሌዎችንም እንደ ተናገረ አስረዳ፤ እነርሱም ወላጅና ልጅ፣ ሥርና ተክል፣ ምንጭና ወንዝ ናቸው። ክሱም በዚህ በረደ። ነገር ግን ከ60 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ አርዮሳውያን ያን የመርከብ ምሳሌ አንሥተው ዲዮናስዮስ የእኛ ወገን ነበር አሉ። ቅዱስ አትናቴዎስም የቀደመውን አባት ስም ከዚህ ነቀፋ ለማንጻት ራሱን የቻለ መጽሐፍ መጻፍ አስፈለገው። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ምሳሌ የሚያገለግለው እስከ ወሰኑ ድረስ ነው፤ ወሰኑን ሳይነግር ምሳሌ የሚሰጥ መምህር አንዱን መናፍቅ ሲመልስ ለሌላው ስንቅ ያዘጋጃል።

፫ ስለ አርዮስ

አርዮስ በእስክንድርያ ባውካሊስ በምትባል ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበረ። በሊቀ ጳጳሳቱ በእለ እስክንድሮስ ላይ ተነሥቶ ወልድ ከዓለም በፊት የተፈጠረ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበትም ጊዜ አለ ብሎ አስተማረ። ታልያ የተባለውን ድርሰቱንም በግጥም ጻፈው፤ ዜማ ከስብከት ይልቅ በአፍ እንደሚቀር አውቆ ነበርና። ዋና ምስክሩ በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 8 ቍጥር 22 ጥበብ እግዚአብሔር እንደ ፈጠራት የተናገረችበት ስፍራ ነው።

በዚህ ንባብ ላይ አባቶች «አንድም» አሉ። አንደኛው መንገድ የቃሉን ምንጭ መመርመር ነው። ሰባው ሊቃናት «ፈጠረ» ብለው ወደ ጽርዕ የመለሱት የዕብራይስጡ ቃል «ቃና» የሚለው ግሥ ነው፤ ትርጓሜውም ማግኘትና ገንዘብ ማድረግ ይሆናል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ቍጥር 1 ሔዋን ቃየልን በወለደች ጊዜ የተናገረችው በዚሁ ግሥ ነው፤ ሔዋንም ቃየልን ወለደችው እንጂ አልፈጠረችውም። ቅዱስ ባስልዮስ አውኖምዮስን ሲመልስ ሌሎች ተርጓሚዎች ከዕብራይስጡ በዚህ መንገድ መተርጐማቸውን አስታውሷል። የግእዙ ብሉይ ኪዳን ግን ከሰባው ሊቃናት የተመለሰ ስለ ሆነ፣ ይህን ያላወቀ አንባቢ በቀላሉ ይሰናከላል። ሁለተኛው መንገድ የቅዱስ አትናቴዎስ ነው። እርሱ «ፈጠረ» የሚለውን ንባብ ሳይለውጥ ቃሉ ስለ ሥጋዌ የተነገረ ነው አለ፤ ጌታ ስለ እኛ የተፈጠረ ሥጋን ተዋሕዷልና። ሁለቱም መንገዶች አርዮስ ወዳላነበባት ወደ ቍጥር 25 ይደርሳሉ። በዚያ ጥበብ ከተራሮችና ከኮረብቶች በፊት መወለዷን ትናገራለች። አርዮስ ቍጥር 22ን አንግሦ፣ ሦስት መስመር ብቻ ዝቅ ብሎ ያለውን ምስክር ሳይሰማ ፈረደ።

ሁለተኛው ጥቅሱ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ቍጥር 28 አብ ከወልድ እንደሚበልጥ የተነገረበት ነው። ዳሩ ግን አባት ከልጁ ይበልጣል ቢባል ልጁ ሰው አይደለም ማለት አይሆንም፤ ወላዲነቱን መናገር ነው። አንድም ስለ ለበሰው ሥጋ ትሕትና የተነገረ ነው። ይልቁንም መበላለጥ የሚነገረው በአንድ ባሕርይ ባሉት መካከል ነው፤ ንጉሥ ከንጉሥ፣ ወንድም ከወንድም ይበልጣል ይባላል እንጂ፣ ሸክላ ሠሪ ከሸክላው ይበልጣል ብሎ የሚመካ የለም።

በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፣ በትውፊት 318 የሚባሉት፣ ይህን ክርክር ሲቈርጡ የገጠማቸው ነገር ሊታሰብ የሚገባው ነው። አትናቴዎስ እንደ ጻፈው፣ አስቀድመው በመጽሐፍ ቃል ብቻ ሊወስኑ ፈልገው ነበር። ወልድ ከእግዚአብሔር ነው ብለው ለመጻፍ ባሰቡ ጊዜ፣ የአርዮስ ወገኖች እርስ በርሳቸው በዓይን ተጠቃቅሰው ተቀበሉት፤ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው የሚል ሌላ ጥቅስ ይዘው ነበርና። እንዲህ ሆኖ የመጽሐፍ ቃል ሁሉ በእጃቸው ሲጠማዘዝ አባቶች ከአብ ባሕርይ የሚለውንና ሆሞኡስዮስ፣ ማለት ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ የሚለውን ቃል ጻፉ። ይህ ቃል በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለም፤ የመጽሐፍ ንባብ እንዳይጠመዘዝ በመጽሐፍ ደጅ የቆመ ዘበኛ ነው።

የክርክሩም ዋጋ የቃል ብቻ አልነበረም። አትናቴዎስ 5 ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ። ነገሩ እስከ አክሱም ደረሰ። በ356 ገደማ የአርዮስን ወገን የሚደግፈው ንጉሥ ቈንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ፣ ማለት አባ ሰላማ፣ ተመልሶ በአርዮሳዊው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤው አትናቴዎስ ለዚያው ንጉሥ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ኢትዮጵያ የኒቅያን ሃይማኖት የያዘችው ከክርክሩ ርቃ ተቀምጣ አይደለም፤ የንጉሥ ደብዳቤ በደጇ ቆሞ ሳለ ነው።

አትናቴዎስ ይህን ሁሉ መከራ የታገሠበት ምክንያት በአንድ ነገር ይጠቀለላል። ወልድ ፍጡር ከሆነ፣ ፍጡር ፍጡርን ከአምላክ ጋር ሊያዋሕድ አይችልም። ለእርሱ የሚሰገደው ስግደት አምልኮ ጣዖት ይሆናል፤ በስሙ የሚደረገው ጥምቀትም ከፍጡር ጋር ያስተባብራል እንጂ ከአምላክ አያደርስም። እናት ሕፃኗን ይዛ ወደ ጥምቀት የምትመጣበት ተስፋ በዚህ ይቆማል ወይም ይወድቃል።

፬ ስለ መንፈስ ቅዱስ ተቃዋሚዎች

የወልድ አምላክነት ሲጸና ክርክሩ ወደ መንፈስ ቅዱስ ዞረ። በ360 ከቍስጥንጥንያ መንበር የተሻረው መቅዶንዮስና በስሙ የተጠሩት ወገኖች መንፈስ ቅዱስን አገልጋይ አደረጉት። በግብፅም የነበሩ ሌሎች ሁለት ጥቅስ አቀረቡ። አንደኛው በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 4 ቍጥር 13 እግዚአብሔር ነፋስን እንደሚፈጥር የተነገረበት ነው፤ በጽርዕ ነፋስና መንፈስ በአንድ ቃል ይጠራሉና። ሁለተኛው በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ቍጥር 21 ጳውሎስ በእግዚአብሔርና በክርስቶስ በተመረጡትም መላእክት ፊት የተናገረበት ነው፤ የመንፈስ ቅዱስ ስም ስላልተጠራ ከመላእክት ጋር ይቈጠራል አሉ።

አትናቴዎስ ከስደት ቦታው ለጥሙይስ ኤጲስ ቆጶስ ለስራብዮን በጻፋቸው መልእክታት መልስ ሰጠ። መጽሐፍ ስለ መንፈስ ቅዱስ ሲናገር ቅዱስ፣ የእግዚአብሔር፣ የአብ፣ የክርስቶስ ብሎ፣ ወይም የታወቀውን መንፈስ በሚለይ አነጋገር ያመለክታል፤ በአሞጽ ያለው ግን ተራሮችን ካጸናው ፈጣሪ ሥራ ጋር የተቈጠረ ነፋስ ነው አለ። በጢሞቴዎስም ስሙ ባለመጠራቱ ክብሩ ከጐደለ፣ ወልድ ሳይጠራ እግዚአብሔር ብቻ በተጠራበት ስፍራ ሁሉ የወልድ ክብር ሊጐድል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 28 ቍጥር 19 ግን ስሙ ተጠርቷል፤ የተቈጠረውም ከመላእክት ጋር ሳይሆን ከአብና ከወልድ ጋር ነው።

ቅዱስ ባስልዮስም በ375 ገደማ ስለ መንፈስ ቅዱስ መጽሐፍ ጻፈ። የመጽሐፉ መነሻ በጸሎት መጨረሻ ለአብ ከወልድ ጋር፣ ከመንፈስ ቅዱስም ጋር ክብር ይሁን ማለቱን አንዳንዶች ስለ ነቀፉት ነው። «በ» የሚለው ፊደል ዝቅተኛነትን፣ «ጋር» የሚለው እኩያነትን ያሳያል ብለው ይከራከሩ ነበር። ባስልዮስ መጽሐፍ በነዚህ መስተዋድዶች ለሦስቱም አካላት እየለዋወጠ እንደሚናገር በብዙ ምስክር አሳየ። በ381 በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶች መንፈስ ቅዱስ ከአብና ከወልድ ጋር የሚሰገድለትና የሚመሰገን መሆኑን በጸሎተ ሃይማኖት አጸኑ። ከዚህም በኋላ ጸሎትን የሚያደርስ ካህን በእያንዳንዱ መስተዋድድ ውስጥ የባስልዮስ ድካም እንዳለ ሊያውቅ ይገባዋል።

፭ ባሕርይን ስለ ከፈሉ

ሰባልዮስ አካላቱን ሲያጠፋ፣ ሌሎች ደግሞ ባሕርዩን ከፈሉ። በ6ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእስክንድርያ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ሰዋስዋዊና ፈላስፋ ነበረ። የዚህ ሰው ስሕተት ከሌሎቹ በመነሻው ይለያል፤ ከጥቅስ ይልቅ በአርስጣጣሊስ ፍልስፍና ቀመር ተነሥቷልና። ባሕርይ በእውነት የሚገኘው በእያንዳንዱ አካል ተለይቶ ነው፤ ስለዚህ ሦስት አካላት ካሉ ሦስት ባሕርያት አሉ ወደሚል ደረሰ። ሦስት አማልክት ማለትን ቢሸሽም፣ መንገዱ ወደዚያ የሚያደርስ ስለ ሆነ ተወገዘ።

ለዚህ ጥያቄ የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ከ150 ዓመት በላይ አስቀድሞ ለአውላብዮስ በጻፈው መልእክት መልስ ሰጥቶ ነበር። ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ በባሕርይ አንድ ሲሆኑ ሦስት ሰዎች ይባላሉ፤ እንግዲህ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ስለ ምን ሦስት አማልክት አይባሉም? ከመልሱ አንዱ ክፍል ይህ ነው። ሦስት ሰዎች አንድ ሥራ ቢሠሩም እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል፤ አንዱ ሲያርስ ሌላው ሊተኛ ይችላል። የሥላሴ ሥራ ግን ከአብ ጀምሮ በወልድ በኩል በመንፈስ ቅዱስ የሚፈጸም አንድ ሥራ ነው፤ ሕይወትን ሦስት ጊዜ አንቀበልም፣ አንዱን ሕይወት ከሦስቱ እንቀበላለን እንደ ማለት። ስለዚህ የሦስት ሰዎች ምሳሌ አካላትን ለማስረዳት ይጠቅማል፤ አንድነትን ለማስረዳት ግን ይደክማል።

፮ በኋለኛው ዘመን ስለ ተነሡት

በአውሮፓ ሃይማኖት በተከፋፈለበት ዘመን ሚካኤል ሰርቬቶስ የሚባል እስጳንያዊ በ1531 ምሥጢረ ሥላሴን የሚነቅፍ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1553 በጄኔቫ በእሳት ተቃጠለ። የእርሱ መቃጠል ግን ነቀፋውን አላጠፋውም። ከ52 ዓመት በኋላ፣ በ1605፣ የፋውስቶ ሶቺኒ ተከታዮች በፖሎኛ አገር በራኮቭ ከተማ ሥላሴን የሚክድ የትምህርት መጽሐፍ አሳተሙ። እሳት ሰውን ያቃጥላል፤ ጥያቄውን ግን አይመልስም።

የነዚህና የዛሬዎቹ ነቃፊዎች የተለመደ ቃል፣ ሥላሴ የሚለው ስም በመጽሐፍ አልተጻፈም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይህን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፎ የተገኘው በ180 ገደማ የአንጾኪያው ቴዎፍሎስ ነው። ዳሩ ግን ስሙ ሳይጻፍ ነገሩ በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ ተጽፏል። የአርዮስ ወገኖችም ሆሞኡስዮስን የነቀፉት በዚሁ ቃል ነበር። ራሳቸው ግን ያልተወለደ የሚለውን፣ በመጽሐፍ ያልተጻፈውን ቃል፣ የአምላክ ዋና ስም አድርገውት ነበር።

በአሜሪካ ቻርልስ ቴዝ ራስል በ1879 መጽሔት ማሳተም ከጀመረ በኋላ የተሰበሰቡት፣ ከ1931 ጀምሮም የይሖዋ ምስክሮች ተብለው የሚጠሩት ወገኖች የአርዮስን መንገድ ይከተላሉ። በ1950 ባወጡት የእንግሊዝኛ አዲስ ኪዳን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቍጥር 1 ቃልን ከአማልክት አንዱ እንደ ሆነ በሚያሳይ አነጋገር ተረጐሙት። ምክንያታቸው በጽርዑ አምላክ የሚለው ቃል በዚያ ስፍራ መስተአምር የለውም የሚል ነው። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ በቍጥር 6፣ 12፣ 13 እና 18 ስለ አብ የተነገረው ያው ቃል መስተአምር የለውም፤ በነዚያ ስፍራዎች ግን እውነተኛውን አምላክ ብለው ተረጐሙት። በምዕራፍ 20 ቍጥር 28 ደግሞ ቶማስ ከትንሣኤ በኋላ ለጌታ የተናገረው ቃል መስተአምሩን ይዞ ተጽፏል። ሕጉ በአንዱ ስፍራ ሠርቶ በአራቱ ስፍራ ካልሠራ፣ የሰዋስው ሕግ መሆኑ ቀርቶ የሠሪው ፈቃድ ሆኗል።

ሌሎቹ የሰባልዮስን መንገድ ይከተላሉ። በ1913 በሎስ አንጀለስ አጠገብ በተደረገ ጉባኤ በኢየሱስ ስም ብቻ ማጥመቅ ይገባል የሚል ትምህርት ተነሣ። በ1916 ከወንድሞቻቸው ተለዩ፤ ትምህርቱም በ1960ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ። ሕዝቡ «ኢየሱስ ብቻ» እያለ የሚጠራቸው እነዚህ ናቸው። ምስክራቸው በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 2 ቍጥር 38 ጴጥሮስ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንዲጠመቁ ያዘዘበት ነው። በማቴዎስ ወንጌል «ስም» የሚለው ቃል በነጠላ ስለ ተነገረ፣ የአብ የወልድ የመንፈስ ቅዱስ ስም ኢየሱስ ነው ይላሉ።

ይህንንም ሁለተኛው ምስክር ይመረምረዋል። በዚሁ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 19 ጳውሎስ በኤፌሶን ያገኛቸው ደቀ መዛሙርት መንፈስ ቅዱስ መኖሩን እንኳ እንዳልሰሙ በነገሩት ጊዜ፣ እንግዲያስ በምን ተጠመቃችሁ ብሎ ጠየቃቸው። በክርስቲያን ጥምቀት የመንፈስ ቅዱስ ስም የማይጠራ ቢሆን፣ ይህ ጥያቄ ከመልሳቸው ጋር ምን ያገናኘዋል? ከሐዋርያት ዘመን ብዙ ሳይርቅ የተጻፈው ዲዳኬ የሚባለው መጽሐፍም በምዕራፍ 7 በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም እንዲጠመቁ ያዛል፤ በምዕራፍ 9 ደግሞ እነዚያኑ በጌታ ስም የተጠመቁ ይላቸዋል። በጌታ ስም ማለት የዮሐንስ ያልሆነው፣ የክርስቶስ የሆነው ጥምቀት ማለት ነው እንጂ፣ ሌላ የጥምቀት ቃል አይደለም። ስምም በነጠላ መነገሩ የሦስቱን አካላት አንድ መለኮት ያሳያል፤ አካላቱን ግን እያንዳንዳቸውን በመቍጠር ለይቷቸዋል።

፯ መልስ ስለሚሰጡት

የመናፍቃንን ንባብ የመረመረ ሰው የመላሾችንም ንባብ ሊመረምር ይገባዋል፤ በአንድ ምስክር መፍረድ በዚህም ወገን ይገኛልና። በአንዳንድ ኅትመቶች በ1ኛ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ቍጥር 7 በሰማይ የሚመሰክሩ ሦስት መሆናቸውን የሚናገር ንባብ አለ። ብዙ ሰባክያን ለምሥጢረ ሥላሴ ዋና ምስክር አድርገው ይጠሩታል። ነገር ግን ይህ ንባብ በጥንት የጽርዕ ጽሑፎች አይገኝም። አርዮስን የመለሱት አባቶች አልጠቀሱትም። ኤራስመስ በ1516ና በ1519 ባሳተማቸው የጽርዕ መጻሕፍት አልጻፈውም፤ በነቀፋ ምክንያት በ1522 አስገባው። በዚህ ንባብ የተመካ መምህር ነገሩን የሚያውቅ ተከራካሪ ባገኘው ቀን ያፍራል፤ ከእርሱም ጋር የሚሰማው ምእመን ይናወጣል። አትናቴዎስ ያለዚህ ንባብ አርዮስን ከመለሰ፣ የዛሬው መምህር የሚያስፈልገው አትናቴዎስ ያነበበውን ማንበብ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት በምሳሌ ላይ ነው። የፀሓይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት፤ የነፍስ ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ የከበሩ ምሳሌዎች ናቸው፤ አባቶችም ተናግረዋቸዋል። ነገር ግን ሙቀት ራሱን የቻለ አካል አይደለምና፣ የፀሓይን ምሳሌ ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰው ሳያውቅ ወደ ሰባልዮስ ሊያዘነብል ይችላል። ሦስት ሰዎችን ብቻ ያሰበም ወደ ፊሎፖኖስ ያዘነብላል። ስለዚህ ምሳሌ ሲሰጥ የሚያስረዳው ከማያስረዳው ጋር አብሮ ይነገር፤ ሁለተኛውም ምሳሌ ይከተለው። የእስክንድርያው ዲዮናስዮስ መርከብ እስከ ዛሬ መስጠሙን ያልጨረሰው ይህ ስለ ቀረ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ ውግዘትን ከትምህርት በፊት ማስቀደም ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በ1424 የፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር ሰባልዮስን፣ አርዮስን፣ መቅዶንዮስንና ሌሎችንም ይመልሳል፤ የተዘጋጀውም በበዓላት ቀን በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ነው። ይህ ሥርዓት ትልቅ ጥበብ አለበት። ክርክሩ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ ሳይቀር ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ ከበዓሉ ምሥጢር ጋር ተያይዞ ይሰማ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ ውግዘቱ በዐደባባይ ይሰማል፤ መልሱ በግእዝ መጽሐፍ ታትቶ በዕቃ ቤት ተቀምጧል። የመናፍቁን ስም ሲረገም የሰማ፣ ጥቅሱ ሲፈታ ግን ያልሰማ ምእመን በደጁ ቆሞ ለሚያነጋግረው ሰው የሚመልሰው የለውም። ልጁ እንደ ገና ለመጠመቅ በሄደ ቀን አባት የሚያለቅሰው ስለዚህ ነው፤ በዚያን ቀን የሚጠየቀውም የሄደው ልጅ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ በወንበር ያሉ መምህራን የአርዮስን ስም ከቍጥር 22 ጋር፣ ከቍጥር 25ም ጋር ያስተምሩ፤ የሰባልዮስን ስም ከዮርዳኖስ ጋር፤ የመቅዶንዮስን ስም ምእመኑ በየቀኑ ከሚያማትብበት ቃል ጋር ያስተምሩ። ለትርጓሜ ቤት ቀለብ የሚቈርጡም ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በመሥራት ከሚገኘው ዋጋ የማያንስ ዋጋ እንዳላቸው ይወቁ፤ ትርጓሜ የተዘጋበት አገር በአንድ ምስክር የሚፈርድ ዳኛ እንዳለው አገር ነውና። ምእመኑም ጥቅስ ሲቀርብለት ከመደንገጥና ከመቈጣት በፊት፣ ከዚያ ጥቅስ በላይና በታች ያለውን እንዲያነብ ይማር። እውነት ሁለተኛ ምስክር አትፈራም።

ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ በአንድነት በሦስትነት ክብርና ስግደት ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።